የብሬዴንግ የማጓጓዣ መርከብ ሕግ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

ዕረፍት ነኝ። ልብስ ላጥብ ወደ ትቬትስቱጋ፣ ወደ ሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ወረድኩ። ሁለቱም ማሽን በሰው ልብስ ይዞራል። የእኔ ሰዓት ነው እኮ... ቁልፌን ተራ ማስያዣው ሰሌዳ ላይ የሰካሁት ማክሰኞ ነው።

የልብሱ ባለቤት መጣ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጥበቡ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ብሬዴንግ በአንድ ሕንፃ ስንኖር አሳንሰር ውስጥ «እንዴት ዋልሽ» ከመባባል አላለፍንም።

«ይቅርታ እህቴ፣ ዛሬ ዓርብ መስሎኝ...»

«ዓርብ ትናንት ነበር።»

አፈረ። ባዶ ቅርጫቱን እንዳቀፈ ቆሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የሰሌዳ ጨዋታ ትወጃለሽ? ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት እንጫወታለን። አንድ ሰው ይጎድለናል።»

ዳማ መሰለኝ። በዳማማ ልጅ ሆኜ ወንድሞቼን አስለቅስ ነበር። እሺ አልኩት።

ለምን እሺ አልኩ? እንጃ። ልጄ ሚካል የራሷን ቤት ይዛ መሃል ስቶክሆልም፣ ሶደርማልም፣ ከገባች ወዲህ ቅዳሜ ረዝሞብኛል መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ዳማ አይደለም።

የባሕር ጦርነት ነው። ምግብ ጠረጴዛውን ሙሉ የሸፈነ ካርታ። ባሕሩ በመስመር ተከፋፍሏል። ደሴቶች፣ ወደቦች፣ የጣት ጥፍር የሚያካክሉ መርከቦች... የጦር መርከብ፣ ሰርጓጅ፣ አውሮፕላን ተሸካሚ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው እንደ ሚኒስትር ያስባሉ።

ጥበቡ የደንቡን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞታል። ጋሽ አሳምነው ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በድሮው ባሕር ኃይል ምጽዋ ያገለገሉ። መርከቡን የሚያነሡት በሁለት ጣት ነው፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው። ሦስተኛው ፍቅረ ሥላሴ ይባላል። ከቮርቢ ጎርድ ነው የሚመጣው፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራል። ሚስቱ ሞታበታለች አሉ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የተናገረው «ሻይ ልጨምርልዎት?» ብቻ ነው። እርስዎ ይለኛል። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እሱ ቢያንስ ሃምሳ አምስት ይሆነዋል። እርስዎ...

ማጓጓዣ መርከቦቹን ገና ሳያቸው ወደድኳቸው። አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ፣ መድፍ የሌላቸው፣ ሥራቸው እግረኛና ታንክ ከደሴት ደሴት ማድረስ። አውቶቡስ ማለት ናቸው። ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ሌላ ምን ይወዳል? አምስት ማጓጓዣ አሰለፍኩ፣ አሥር ጦር ጫንኩ፣ ወደ ጥበቡ ደሴት ሰደድኩ።

ጥበቡ አንዲት ሰርጓጅ አምጥቶ አጠገባቸው አቆመ። ከዚያ አምስቱንም በመዳፉ ጠርጎ ሣጥን ውስጥ ጨመራቸው።

«ምን ማለት ነው?»

«ሰጠሙ።»

«ዳይስ አይጣልም?»

«አጃቢ ለሌለው ማጓጓዣ ዳይስ የለም። ጠላት ከደረሰበት አለቀ።»

«አምስቱም? ዞር ብሎ የሚሮጥ አንድ እንኳ የለም?»

«መጽሐፉ ነው» አለ፤ እጁን መጽሐፉ ላይ ጭኖ።

ጋሽ አሳምነው ጢማቸውን ዳሰሱ። ፍቅረ ሥላሴ ሻይ ቀዳልኝ።

ቤቴ ከገባሁም በኋላ እየሳቅሁ ነው። ሳቅ ነው ንዴት? አሥር ጦር በአንድ መዳፍ...

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

የጠዋት ፈረቃ። ሼርሆልመን ማቆሚያ ላይ አውቶቡሱን አቁሜ በሩን ሳልከፍት ተቀምጫለሁ። አንዲት ሴትዮ «ሄሎ... በሩ» አለችኝ። ምን እያሰብኩ ነበር? ቢበተኑስ እያልኩ። አምስት መርከብ ተደርድሮ ሞቱን አይጠብቅም። አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ ይላል። አንዲት ሰርጓጅ አምስቱንም ተከትላ ልትሮጥ ነው?

ፊካ ላይ፣ በቡና ዕረፍታችን፣ ናፕኪን ጀርባ ጻፍኩት። «አጃቢ የሌለው እያንዳንዱ ማጓጓዣ አንድ ዳይስ ይጣልለት። አምስት ወይም ስድስት ከወጣለት ወደ አጠገቡ ባሕር ያመልጣል።» አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ሕገ መንግሥት የጻፍኩ ያህል ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ናፕኪኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጥበቡ በአንድ ዓይኑ አየው። «ይህ ጨዋታ እኮ የተሠራው በሚያውቁ ሰዎች ነው።»

«እነሱ አውቶቡስ ነድተው አያውቁም።»

ጋሽ አሳምነው ሳቁ። «ጥበቡ፣ ለዛሬ ብቻ እንሞክርላት» አሉ። እሳቸው ካሉ ደግሞ...

ያው ሰርጓጇ መጣች። አራት ማጓጓዣ ነበረኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስቱ ሰጠሙ። አራተኛው ላይ ስድስት ወጣልኝ። መርከቢቱን በሁለት ጣት አንሥቼ (አሁን እኔም በሁለት ጣት ሆኛለሁ) ወደ ጎን ባሕር አሸሸኋት። በሚቀጥለው ተራ የጥበቡ ደሴት ጓሮ በኩል ደረሰች። ማንም እዚያ ወታደር አላኖረም፤ ማን በዚያ ይመጣል ብሎ? ሁለት እግረኛ ወረዱ። ደሴቲቱን ያዙ።

ፍቅረ ሥላሴ ሳቀ። ድምፅ አለው ለካ። ከሆዱ የሚወጣ፣ ትከሻውን የሚያርገፈግፍ ሳቅ። ዓይኑን እየጠረገ «ይህ ናፕኪን ከመጥፋቱ በፊት በኮምፒውተር ልጻፍልዎት?» አለኝ። ስልክ ተለዋወጥን። ለሕጉ ነው። ለሕጉ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

መልእክት ከፍቅረ ሥላሴ፦ «አንቀጽ አንድ ላይ ‹ያመልጣል› ልበል ወይስ ‹ለማምለጥ ይሞክራል›?»

እኔ፦ «ዳይሱ ከወጣለትማ አመለጠ ነው።»

እሱ፦ «ልክ ነዎት።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ፦ «‹አጃቢ› ሲባል አውሮፕላንም ይጨምራል?»

እኔ፦ «አውሮፕላን ዞር ዞር ብሎ ይሄዳል። አጃቢ አብሮ የሚሄድ ነው።»

እሱ፦ «ይህን እንዳለ እጽፈዋለሁ።»

ዴፖ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል ባልደረባዬ አየችኝ። ፍቅር ይዞሻል እንዴ ትለኛለች። ስለ መርከብ ነው አልኳት። የባሰ ሳቀች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ጥበቡ ዛሬ ሰይጣን ነበር።

ዘጠኝ ማጓጓዣ ሠራ። ባዶ። አንድ እግረኛ የለባቸውም። በእነሱ የእኔን ወደብ ከበበ። የጦር መርከቤ መውጣት አትችልም፤ እያንዳንዱን ባዶ መርከብ ማባረር አለባት፣ እያንዳንዱ ደግሞ ዳይስ ይጣልለታል፣ አንዳንዱ ያመልጥና በተራው ተመልሶ ይመጣል። በራሴ ሕግ አሰረኝ።

«ሕግሽ ነው» ይላል፣ ሻዩን ፉት እያለ። «አንቀጽ አንድ።»

ጋሽ አሳምነው ሳቅ ይዟቸው ውኃ ጠየቁ። እኔም እየተሸነፍኩ ከወንበሬ ልወድቅ ነው። ዘጠኝ ባዶ አውቶቡስ መንገድ ዘግቶ... እንዲህ የሳቅሁት መቼ ነው? ሚካል ሕፃን ሳለች ይሆናል።

ፍቅረ ሥላሴ አጎንብሶ አንድ ነገር ይጽፋል። ሲያልቅ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። «አንቀጽ ሁለት። ባዶ ማጓጓዣ መንገድ አይዘጋም፤ የጦር መርከብ አልፎት ይሄዳል።» ጥበቡ ወረቀቱን አየ፣ ፍቅረ ሥላሴን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ሳቁ ትንሽ ቀነሰ። ወይስ መሰለኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ጸጉሬን ተሠራሁ። ብርዱ ስለገባ ነው። ቆብ ሥር ለሚሆን ጸጉር አራት ሰዓት መቀመጥ...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ዛሬ ከመጫወት ይልቅ ጋሽ አሳምነውን ስንሰማ ዋልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእሳቸው ማጓጓዣ ሁለት ታንክ እንደጫነ በጠላት ተያዘ። ዳይሱ ሦስት ወጣ፤ ሰጠመ። መርከቧን በእጃቸው አገላበጧት። «እኛ ብንሆን» አሉ፣ «ታንኩን እንጥለው ነበር።»

«ይጣላል እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው።

«በሰማንያ ሦስት ከአሰብ ስንወጣ የእኔ መርከብ የጦር አልነበረችም፤ የጭነት ናት። ሁለት የጭነት መኪና ላይዋ አለ። ወደቡ ላይ ሰው ሞልቷል፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ወታደሩ። አዛዣችን አየና ‹መኪኖቹን ግፏቸው› አለ። ሁለቱንም ባሕር ውስጥ ገፋናቸው። በእነሱ ቦታ ሰው ገባ። የመን ስንደርስ ቆጠርን፤ መቶ አርባ ነፍስ።» ከዚያ ሳቁ። «የእኔ አዲሱ ሙሉ ልብስ አንደኛው መኪና ጋቢና ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ሳልለብሰው ዓሣ ለበሰው።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ እየሳቅሁ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኔ በሱዳን በኩል የመጣሁት በጭነት መኪና ነው። እኛን ለመጫን ምን ወርዶ እንደነበር ጠይቄ አላውቅም።

«እንግዲያው ይጻፍ» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «አንቀጽ ሦስት። የተያዘ ማጓጓዣ ጭነቱን ጥሎ ይሸሻል። ከጣለ ሦስትና ከዚያ በላይ ይበቃዋል።»

ጥበቡ ግን «መጽሐፉ ውስጥ የለም» ብቻ አለ፤ ሣጥኑን ከወትሮው ቀድሞ ዘጋ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ከሰዓት ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ መልእክት፦ «አንቀጽ ሦስት ላይ ‹ጭነቱን መጣል ይችላል› ነው ወይስ ‹መጣል አለበት›? አንቺ ምን ትያለሽ?»

አንቺ።

አራት ጊዜ አነበብኩት። አምስተኛውን ልጀምር ስል ሌላ መጣ፦ «ይቅርታ፣ እርስዎ ለማለት ነው።»

ስልኩን አስቀምጬ መልሼ አነሣሁት። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኖረ ሰው በአንድ ተውላጠ ስም...

ጻፍኩ፦ «አንቺ ይሻላል።»

ከዚያ፦ «እኔም አንተ ብባል ደስ ይለኛል።»

ደረጃውን አራት ፎቅ ዘልዬ ወጣሁት። እኔ እኮ የምኖረው አንደኛ ፎቅ ነው። አራተኛ ደርሼ ነው የተመለስኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

መጥፎ ቀን።

ፍቅረ ሥላሴ ሦስቱን አንቀጾች አትሞ፣ በፕላስቲክ አሽጎ አመጣቸው። ከላይ «የብሬዴንግ የማጓጓዣ መርከብ ሕግ» የሚል ርእስ አለው። በጣም ያምራል። እኔና እሱ ጎን ለጎን ተቀምጠን ለጥበቡ አሳየነው። ድምፅ እንስጥ ተባለ። ሦስት ለአንድ።

ጥበቡ መርከቦቹን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ መለሰ። ክዳኑን ከደነ።

«ይህን ሣጥን ማን እንዳመጣው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አንተ ነህ ብዬ...»

«ምኞት ናት። የምትቀመጪበትም የእሷ ወንበር ነው።» ፍቅረ ሥላሴን አየው። «አልነገርካትም?»

ፍቅረ ሥላሴ ፊቱ አመድ መሰለ። ጥበቡ ወደ ማድ ቤት ገባ፤ አልተመለሰም። በገዛ ቤቱ ጥሎን ሄደ። ካፖርታችንን ለብሰን ወጣን።

ጋሽ አሳምነውን እስከ ቱነልባናው፣ እስከ ምድር ባቡሩ ጣቢያ፣ ሸኘኋቸው። ባቡሩ እስኪመጣ ነገሩኝ። ምኞት የጥበቡ እህት ናት። የፍቅረ ሥላሴ ሚስት። ታማ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አራቱ ነበሩ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወቱት። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ባዶ ነበር።

«ታዲያ ለምን እኔን ጠራኝ?» አልኳቸው።

«ባዶ ወንበር ማየት ሰልችቶት ነዋ ልጄ። የሚቀመጥበት ሰው ሕያው መሆኑን ግን አላሰበበትም።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ፍቅረ ሥላሴ የጻፈልኝ ሰባት መልእክት አለ። አልመለስኩም። የመጨረሻው፦ «ልነግርሽ ነበር። አንቀጽ ሦስት ሲያልቅ እነግራታለሁ እያልኩ... አንቀጽ ሦስት ካለቀ ደግሞ የምጽፍልሽ ሰበብ አይኖረኝም ብዬ ፈራሁ።»

በዚህ ሰው ላይ መቆጣት አይቻልም። ሞክሬአለሁ።

ግን ጥበቡስ? እህቱ የነበረችበት ቦታ ላይ ዘው ብዬ ተቀምጬ፣ ሕጓን ሰርዤ፣ ባሏን... ምን አደረግሁ? ምንም አላደረግሁም። ጸጉሬን ተሠራሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ጨዋታ የለም። በስምንት ሰዓት ትቬትስቱጋ ወረድኩ። የእኔ ሰዓት አይደለም፤ የጥበቡ ነው። አውቄ ነው።

ትልቁን የብርድ ልብስ ሽፋን ከማድረቂያው እየጎተተ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ስመጣ ያጠናሁትን ሁሉ ረሳሁት። እንዲህ አልኩ፦ «ሕጉን እተወዋለሁ። በመጽሐፉ እንጫወት። ወንበሩንም ከፈለግህ እለቅልሃለሁ። ፍቅረ ሥላሴን ግን አልተውም።»

ለራሱ ለሰውየው እንኳ ያልነገርኩትን... አፌ ከየት አመጣው?

ጥበቡ ሽፋኑን ዘረጋው። ማሽኑ ይዞራል። ከዚያ፦ «ያንን ጫፍ ያዥልኝ።»

ያዝኩለት። ሽፋኑን በሁለት በኩል ወጥረን አጠፍን። ወደ እኔ መጣ፣ ጫፉን ሰጠኝ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አጠፍን።

«ምኞት ያንን ሕግ ትጠላው ነበር» አለ። «ሁልጊዜ ማጓጓዣ ታበዛለች፤ ሁልጊዜ አሰጥምባታለሁ። ‹አንዴ ዳይስ ልጣል ጥበቡ› ትለኛለች። መጽሐፉ ነው እላታለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት እንዲያ አልኳት። አንድ ቀን እንኳ ጣይ አላልኳትም።»

አንሶላ ነበር የቀረው። እሱንም አጠፍን።

ስንጨርስ «ወንበሩ ላይ ተቀመጪ» አለኝ። «ደግሞ እሱ ሰውዬ በሳምንት አምስት ጊዜ ይደውልልኛል። መልሺለትና ይተወኝ።»

ቤቴ ገብቼ ለፍቅረ ሥላሴ ጻፍኩ፦ «‹ይችላል› ነው። ማንም በግድ ጭነቱን አይጥልም።» ወዲያው ደወለ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አወራን። ስለ መርከብ ምንም አላወራንም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ጥበቡ የታተመውን ሕግ በቀይ ማርከር አበላሽቶት ጠበቀን።

«አንቀጽ ሁለት፣ ባዶ ማጓጓዣ መንገድ አይዘጋም ትላላችሁ። አንቀጽ ሦስት፣ ጭነቱን ጥሎ ይሸሻል ትላላችሁ። ጥሩ። ጭነቱን የጣለው መርከብ ባዶ ነው ወይስ አይደለም? መንገድ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?»

ሦስታችን ተያየን። አንዳችንም አላሰብነውም።

«ይህንን ሳታዩ ነው በፕላስቲክ ያሸጋችሁት» አለ። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ስንከራከር ሰዓቱ ሄደ። ፍቅረ ሥላሴ ባዶ ነው አለ፣ እኔ አይደለም አልኩ፣ ሁለታችን በኃይል ተጣላን፤ ደስ የሚል ጥል ነበር። በመጨረሻ ጋሽ አሳምነው ፈረዱ፤ ለአንድ ዙር እንደጫነ ይቆጠር፣ መርከበኛው ትንፋሹን እስኪሰበስብ። ጥበቡ አንቀጽ አራት ብሎ በወረቀት ላይ በራሱ እጅ ጻፈው። ከዚያ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ውስጥ አጥፎ ከተተው።

ቀጥሎ ያው ሰርጓጇን አምጥቶ አራት ማጓጓዣዎቼ አጠገብ አቆማት። መዳፉ ወደ መርከቦቹ ሄደ፤ ከዚያ ዳይሱን አንሥቶ ወደ እኔ ገፋው።

«ጣይ» አለ።

አምስት። ሁለት። ስድስት። ስድስት። ሦስቱ አመለጡ። ጥበቡ አንገቱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ጮክ ብሎ ሳቀ፣ ረጅም ሳቅ። ፍቅረ ሥላሴ በጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘኝ። ዳይሱን የምጥልበት እጅ ነበር። በሚቀጥለው ተራ በግራ ነው የጣልኩት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 30

የገና ማግስት። ከብሬዴንግ በሐይቁ ዳር፣ በሴትራ ጫካ በኩል በእግር። ውኃው ዳር ዳሩን በረዶ ይዟል። ፍቅረ ሥላሴ ሁለት ጊዜ አንሸራተተው፤ ሁለት ጊዜ እኔን ያዘ። ሁለተኛው እውነት አልመሰለኝም።

አግዳሚ ወንበር ላይ ሻይ ጠጣን። የፔርሙዙን ክዳን ለረጅም ጊዜ ሲያሽከረክር ቆየ።

«ሽማግሌ ልላክ ብል... ማን ጋ ነው የምልከው?»

አባቴ የለም። እናቴ የለችም። ወንድሞቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ በቪዲዮ ሽማግሌ አይቀበሉም። በዚህ አገር ያለኝ ዘመድ አንድ ነው።

«ሚካል ጋ ላክ» አልኩት።

«ልጅሽ ጋ?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

ስንት ደቂቃ እንደሳቅን አላውቅም። አንድ ውሻ የሚያናፍስ ስዊድናዊ ቆሞ አየን። ሰላም አለን፤ እዚህ አገር ማንም የማያውቀውን ሰው ሰላም አይልም። ምን ብንመስለው ነው?

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ለሚካል ነገርኳት። በስዊድንኛ ነው የምትመልስልኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሽማግሌ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሰርግ ላይ አይታለች። «እኔ ግን ምን ልሁን?» አለችኝ። አንቺ ወላጅ ነሽ አልኳት። ሳቅ ይዟት ሶፋው ላይ ወደቀች።

ጋሽ አሳምነው እሺ ብለዋል። ሁለተኛው ሽማግሌ ማን እንደሆነ ፍቅረ ሥላሴ አልነገረኝም። ጥበቡን ለመጠየቅ አፍ የለኝም ይላል። እውነቱን ነው። እንዴት ይጠየቃል?

ቅዳሜ፣ ጥር 17

እጄ እየሮጠ ነው፤ ሁሉንም ልጻፍ።

ሶደርማልም፣ የሚካል ቤት። አንድ ክፍልና ማድ ቤት። ሙሽራ አትታይም ተብሎ እኔ ማድ ቤት ገባሁ፤ በሩን ጣት የሚያስገባ ያህል ተውኩት። ሚካል ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ልክ በስምንት ሰዓት ደወሉ ተደወለ።

ጋሽ አሳምነው በክራባት። ከኋላቸው ጥበቡ። በክራባት።

በሩን ትንሽ ጨምሬ ከፈትኩት።

ሚካል በስዊድንኛ «እባካችሁ ተቀመጡ» አለች። አልተቀመጡም። ደግማ ጠየቀች። ጋሽ አሳምነው «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ልጄ» አሉ። ቅር ያሰኘቻቸው መስሏት ፊቷ ቀላ። ተነሥታ እሷም ቆመች። ሦስቱም ሶፋውን ከበው ቆመው ቀሩ።

ጋሽ አሳምነው መናገር ሲጀምሩ ጥበቡ ክንዳቸውን ነካ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እኔ ልናገር።» ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሚካል፣ ፍቅረ ሥላሴ የእህቴ ባል ነው። እህቴ አልፋለች። እሱ ግን ወንድሜ እንደሆነ ቀርቷል። ለወንድሜ እናትሽን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። እኔን እንዲልከኝ አልደፈረም። ራሴ ነኝ የመጣሁ።»

ማድ ቤት ውስጥ አፌን በፎጣ ያዝኩ።

ሚካል ከዚያ «አንድ ጊዜ» ብላ ወደ ማድ ቤት ሮጠች፤ በሩን ዘጋች። እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች። «ማማ፣ ቫድ ሴየር ማን?» ምን ይባላል አሁን?

«ቀጠሮ ይሰጣል» አልኳት በሹክሹክታ። «ወዲያው እሺ አይባልም። ነውር ነው።»

ተመለሰች። «ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ» አለች። በአማርኛ።

«መልካም ልጄ» አሉ ጋሽ አሳምነው። «ለመቼ?»

ዝርዝሩን አልነገርኳትም ነበር። የግድግዳውን ሰዓት ስታይ በቀዳዳው አየኋት።

«ከአሥር ደቂቃ በኋላ።»

ጥበቡ ወደ ጣሪያው አየ፤ ከንፈሩን ነክሷል። ጋሽ አሳምነው ግን አልሳቁም። ቀጠሮ ቀጠሮ ነው። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ጥበቡን ይዘው ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ።

ሚካል ማድ ቤት ገብታ አቀፈችኝ። እስክንደክም ሳቅን። በመስኮቱ ታች ስናይ ፍቅረ ሥላሴ መንገዱ ዳር በረዶው ላይ ቆሟል፤ አምስት እርምጃ ይሄዳል፣ አምስት እርምጃ ይመለሳል። ቆብ እንኳ አላደረገም።

«እሱ ነው?» አለች።

«እሱ ነው።»

አየችው። ብዙ አየችው። «ይበርደዋል» አለች፣ በአማርኛ።

ሰባት ደቂቃ። ስምንት። አሥር ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል እንዴ?

ደወሉ ጮኸ። ሚካል ፊቷን በፎጣዬ ጠረገች፣ ቀሚሷን ወደ ታች ሳበች፣ እየተለማመደች ወደ በሩ ሄደች።

«እሺ... እሺ ብለናል... እሺ ብለናል።»